ለዛፉ ማን ይንገረው

ቢላዋዋን ያገኘቻት ዶርካስ ነበረች። ሬሳው ታጥቦ፣ የበፍታው ቀሚስ ለብሶ፣ አገጩ በነጭ ጨርቅ ታስሮ ካበቃ በኋላ፣ ሚስ ግሪዘል የሞቱ ዕለት ለብሰውት የነበረውን ቀሚስ ልታጥፍ ስታነሣው ከኪሱ አንድ ነገር ወድቆ ወለሉን መታው። ጎንበስ ብላ አነሣችው። የወጥ ቤቷ ትንሽ ቢላዋ ናት፤ ወጥ ሠሪዋ ሚምባ ሁለት ወር ሙሉ ስትፈልጋት የከረመችው፣ እኛንም አንድ በአንድ ስትጠረጥርባት የነበረችው። ጫፏ ተሰብሯል፤ ስለቷም ዶልዱሟል።

“ይቺ እዚህ ምን ትሠራለች?” አለች ዶርካስ።

ሚምባ እጇን ዘረጋች። ቢላዋዋን ተቀብላ በሽርጧ ጠረገቻትና ኪሷ ከተተቻት። ከዚያ የሟቿን ፀጉር ማበጠሯን ቀጠለች።

ዶርካስ ነገር አግኝታ ዝም የምትል ሴት አይደለችም። ጀንበር ሳታዘቀዝቅ ወሬው ደናሮን አዳረሰ። ሚስ ግሪዘል ማክአይቨር፣ የደናሮ ከብት እርሻ እመቤት፣ የጌታ ሄክተር ልጅ፣ በኪሳቸው ቢላዋ ይዘው ሞቱ። ለምን? መልሱ ለሁላችንም ግልጽ መሰለን። እኛ ባሪያዎቹ ነፃ ከወጣን ገና ዓመታችን ነው። ዕድሜ ልካቸውን ሲያዙን የኖሩ ሴት፣ አንድ ቀን ጠዋት ተነሥተው ማንንም ማዘዝ እንደማይችሉ ሲነገራቸው ፈርተውን ነው አልን። ሽማግሌው ኳኮ ይህን ሲሰማ ጥርስ በሌለው ድዱ ሳቀ። “እኔን ፈርተው ከሆነ ምነው ቀደም ብለው ቢነግሩኝ” አለ፤ “ደስ ብሎኝ እከርም ነበር።”

ሚምባ አልሳቀችም። ዕድሜዋ ስድሳ ስድስት ነው። ከሚስ ግሪዘል ጋር በአንድ ሳምንት የተወለዱ፣ የአንድ ሰው ልጆች ናቸው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ አፉን ሞልቶ የተናገረው ግን የለም። የጌታ ሄክተር አፍንጫ፣ ያ መሐሉ ላይ ጎበጥ ያለው፣ ሁለት ፊት ላይ ተቀምጦ ስድሳ ዓመት ሲመላለስ ዓይን ያለው ሁሉ ያየው ነበር። የአንደኛዋ እናት ሚስ ሱዛና ናት፤ ነፃ የወጣች፣ ቀላ ያለች፣ የትልቁ ቤት ቁልፍ ያዥ። የሌላዋ እናት ቤኔባ ናት፤ የወጥ ቤቱ ባሪያ። ልጅ የእናቱን ዕጣ ይከተላል፤ ሕጉ እንደዚያ ነበር። ስለዚህ አንደኛዋ ሚስ ግሪዘል ተባሉ፤ ሁለተኛዋ ሚምባ ብቻ ሆና ቀረች።

በማግስቱ ሚስ ግሪዘልን ከአባታቸው ጎን ቀበርናቸው። ዘጠኙ የለቅሶ ቀን ጀመረ።

ከየተራራው ሰው መጣ። ለመቅበር ካልመጡት ውስጥ ብዙዎቹ ለመብላት መጡ፤ በዚህ አንተዛዘብም። በግቢው ውስጥ የቀርከሃ ዳስ ተጣለ። የካሳቫ ቂጣ፣ በጨው የደረቀ ዓሣ፣ የተቀቀለ ጥሬ ሙዝ፣ ለወንዶቹ ሩም፣ ለሴቶቹ በጥቁር ስኳር የጣፈጠ ቡና። ሚምባ ከማንቆርቆሪያው እየቀዳች በእንግዶቹ መሐል ትመላለሳለች። እሷ ጠጋ ስትል ሹክሹክታው ይቆማል፤ ስታልፍ ይቀጥላል።

ሹክሹክታው ስለ ዛፉ ነው።

በኛ ዘንድ ልጅ ሲወለድ ዕትብቱ ይቀበርና በላዩ ዛፍ ይተከልበታል። ያ ዛፍ የልጁ ነው። ባሪያዎች ሳለን ገላችን እንኳ የኛ አልነበረም፤ ዛፋችን ግን የኛ ነበር። ጌታ ሳያስፈቅድ ከፍሬው አይቆርጥም፤ ስንሞትም ለልጆቻችን እናወርሰዋለን። ባለ ዛፉ ሲሞት በዘጠነኛው ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ የቅርብ የሥጋ ዘመዱ ሄዶ ግንዱን በእጁ ይነካና ሞቱን ይነግረዋል። ካልተነገረው ዛፉ ባለቤቱን ሲጠብቅ ይደርቃል። የሟችም መንፈስ ከግቢው አይወጣም።

የሚስ ግሪዘል ዛፍ ከወጥ ቤቱ በስተጀርባ ያለው ረጅሙ ኮኮናት ነው። ሥሩ ላይ ወንበራቸው እንዳለ አለ፤ የወንበሩ መደገፊያ ግንዱን ተጠግቷል። የሟች ወንበር እስከ ዘጠነኛው ቀን ከቦታው አይነሣም፤ ስለዚህ ማንም አልነካውም። የመጨረሻዎቹን ሁለት ወራት ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ እዚያ ይቀመጡ ነበር፤ ፊታቸውን ወደ ዛፉ፣ ጀርባቸውን ወደኛ አድርገው። ሲነሡ ወንበሩን አዙረው ግንዱ ላይ ያስጠጉታል። ቀረብ ያለ ሰው ካለ ይቆጡታል። ነፃ ብንወጣ ጀርባቸውን ሰጡን አልን።

ታዲያ ለዛፉ ማን ይንገረው? ሚስ ግሪዘል አላገቡም፣ አልወለዱም። ይህ ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ዓይናችን ወደ ሚምባ ይሄድና ወዲያው ወደ ቡና ሲኒው ይመለሳል። ሚምባ ሄዳ ከነገረችው፣ ስድሳ ዓመት ያልተባለው በሰው ፊት ተባለ ማለት ነው።

በሦስተኛው ቀን ዱጋልድ መጣ። የጌታ ሄክተር ወንድም የልጅ ልጅ ነው፤ ሃያ አራት ዓመቱ፣ ፀጉሩ ቀይ፣ አፍንጫው በፀሐይ ተልጦ የሚኖር። ከስኮትላንድ፣ ከኢንቨርነስ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ሲሆን በጎረቤት የሸንኮራ እርሻ ጸሐፊ ነበር። ሚስ ግሪዘል ከሃያ ዓመት በፊት ባስጻፉት ኑዛዜ ደናሮን ለአባታቸው ወገን ትተዋል፤ በዚህ ደሴት ላይ ከአባታቸው ወገን በስም ያለው ደግሞ እሱ ብቻ ነው። ለቅሶ ሲደርስ ምን እንደሚባል ስለማያውቅ እያንዳንዳችንን እየጨበጠ “ስለ ጥፋታችሁ አዝናለሁ” ይል ነበር። ኳኮ እኔ ምን አጠፋሁ ብሎ ጠየቀው።

ክፉ ሰው አይደለም። ከብት እንደማያውቅ፣ እዚህ አገር መቆየትም እንደማይፈልግ በግልጽ ነገረን። ደናሮን ለጊልክራይስት ሊሸጠው ነው። ጊልክራይስትን እናውቀዋለን፤ ባለፈው የገና በዓል እሱ ባለው ክፍያ አንሠራም ያሉትን ሰዎች የቤታቸውን ጣራ አስነሥቶ ያባረረ ነው። ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሲኒውን መሬት አስቀመጠ። ዱጋልድ ግን ስለ ዛፎቹ ሰምቶ ኖሮ፣ በውሉ ላይ አንድ ነገር እንዳስገባ ነገረን። ዛፉ በደናሮ መሬት ላይ ያለ ሰው ቤቱ፣ ጓሮውና የሙታኖቹ መቃብር ይቀርለታል። የሌለው ግን በወሩ መጨረሻ ይለቃል። ግማሹ የልቡ ደግነት ነው፤ ግማሹ ደግሞ ከብት ጠባቂ ካልቀረለት ጊልክራይስት መሬቱን እንደማይገዛው ስላወቀ ነው። ሁለቱም ቢሆን ተመስገን አልን።

በአምስተኛው ቀን ወረቀትና እርሳስ ይዞ ዛፎቻችንን ሊመዘግብ ወጣ። ለቅሶ ላይ የነበረው ሁሉ ተከተለው። የዶርካስን ማንጎ መዘገበ። የኳኮ ብርቱካን ጋ ሲደርስ ቆመና ቅርፊቱን በጣቱ ቆረቆረ።

“ይሄ እኮ ደርቋል” አለ።

“እኔን ሲያዩኝ ምን እመስላለሁ?” አለው ኳኮ። “ባለቤቱን ነው የመሰለው። ይጻፉት።”

ዱጋልድ ሳቀና ጻፈው። ከዚያ ኮኮናቱ ጋ ደረሰ። የአክስቴ ይሄ ነው አይደል ብሎ ጠየቀ። ዶርካስ ቀልጠፍ ብላ፣ አዎን፣ የስማቸው ፊደላት ከወንበሩ ጀርባ ግንዱ ላይ ተቀርጸዋል አለችው። ወንበሩን ሳብ አድርጎ ሊያይ ሲል ሴቶቹ በአንድ ድምፅ ከለከሉት፤ እስከ ዘጠነኛው ቀን አይነካም። እጁን ሰበሰበና “ግሪዘል ማክአይቨር” ብሎ ጻፈ። ከዚያ ዞር ብሎ ከሰው ኋላ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ የቆመችውን ሚምባን አያት።

“ያንቺስ?” አላት።

“የለኝም” አለች ሚምባ።

ያንን ቀን ቡናው በረደ፤ የቀዳው ሰው አልነበረም። ሚምባ የእናቷ መቃብር ካለበት ጓሮዋ ገብታ በሯን ዘጋች።

አመሻሹ ላይ ዶርካስ ሄዳ አንኳኳች። ከልጅነቷ ጀምሮ ሚምባን እትዬ እያለች ነው ያደገችው።

“እትዬ ሚምባ፣ የለኝም ማለት ምን ማለት ነው? ደናሮ አይደለም እንዴ የተወለድሽው? እናትሽ እዚህ ተቀብራለች፤ በወሩ መጨረሻ ወዴት ልትሄጂ ነው? ነው ወይስ እናትሽ ዕትብትሽን ለድመት ሰጠቻት?”

ሚምባ ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ስድሳ ዓመት የያዘችውን ለዶርካስ የነገረቻት ያን ዕለት ነው። ዶርካስም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለኛ ለመንገር ሦስት ቀን ታገሠች። ለእሷ ሦስት ቀን ብዙ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮኮናቱ የሚምባ ነው። የግሪዘል ኮኮናት ከቤቱ በወዲያኛው በኩል፣ ወደ ባሕሩ በሚያየው ዳገት ላይ ነበር። የሚምባ ዛፍ በሰባተኛ ዓመቱ የመጀመሪያ ፍሬውን አፈራ። ሁለት ነበሩ፤ አንዷ ሳትደርስ ረገፈች። ሁለተኛዋን ቤኔባ በገጀራ ከፈተችላቸውና ሁለቱ ልጆች የወጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። ሚምባ ባለ ዛፍ እኔ ነኝና ቀድሜ እጠጣለሁ አለች። ግሪዘል እሺ አለች። ሚምባ ጉንጯን እየቆጠረች ግማሹን ጠጥታ ግማሹን ሰጠቻት። ግሪዘል ስትጠጣ በአገጯ ላይ ፈሰሰባትና ሳቀች።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ትልቁ አውሎ ነፋስ መጣ። ባሕሩ ከተማውን በላው። በደናሮ ደግሞ የግሪዘልን ዛፍ ከነሥሩ ነቅሎ ገደል ከተተው። በሳምንቱ ልጅቷን ትኩሳት ያዛት። እናቷ ሚስ ሱዛና አበደች ማለት ይቻላል። ነፃ ብትሆንም የኛው ሰው ናት፤ ዛፉ የወደቀበት ልጅ እንደማይበረክት ታውቃለች። ያውም በዓመቱ ባሕር ተሻግራ ስኮትላንድ ትምህርት ቤት ልትገባ ነው። ጌታ ሄክተር እግር ላይ ወድቃ ለመነችው። ሄክተር ሳቀባት። ነገር ግን እሱም ሰው ሲሞት ሰዓት የሚያስቆሙበት፣ መስታወት የሚሸፍኑበት አገር ልጅ ነው፤ ነፋሱም ልቡን አውልቆት ነበር። በማግስቱ ቤኔባን ጠርቶ፣ የልጅሽ ዛፍ ከዛሬ ጀምሮ የግሪዘል ነው፤ ለልጅሽ ሌላ ይተከልላታል አላት።

ሁለተኛ ዕትብት ከየት ይመጣል? ቤኔባ ይህን አልጠየቀችም። ማታ ልጇን ጭኗ መሐል አስቀምጣ ፀጉሯን እየጎነጎነች፣ ከዛሬ ወዲያ ዛፌ የምትል ቃል ከአፍሽ ብትወጣ ይሸጡሻል አለቻት። ግሪዘል ዳነች። ወደ መርከብ ከመሄዷ በፊት አባቷ በልጆች ቁመት ልክ የስሟንና የቤተሰብ ስሟን መነሻ ፊደላት ግንዱ ላይ ቀረጸ። ኮኮናት ቅርፊት አብቅሎ ቁስሉን የሚሸፍን ዛፍ ስላልሆነ ፊደላቱ እንደተቀረጹ ኖሩ። ሚምባ ማንበብ አትችልም፤ በጣቷ ግን ታውቃቸዋለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከዛፉ ፍሬ ቀምሳ አታውቅም።

“ታዲያ ለልጁ ንገሪዋ” አለች ዶርካስ። “ለዱጋልድ።”

“ምን ብዬ? እሜቴ የመቃብራቸው አፈር ሳይደርቅ ዛፋቸው የኔ ነው ልበል? ስማቸው ተጽፎበት?”

በስድስተኛው ቀን ዘነበና ዳሱ ፈሰሰብን። በሰባተኛው ቀን ዱጋልድ ሚምባ ያለችበት ወጥ ቤት ድረስ መጣ። ዝናቡ ከቤት አስቀርቶት፣ የሟቿን ክፍል ዞር ዞር ብሎ ሲያይ ውሎ ነበር። የማወቅ ጉጉት ያለው ልጅ ነው። አንድ ጠባብ አልጋ፣ አንድ ጥንድ የቆዳ ጓንት፣ በጉዞ ብዛት ጠርዙ የተበላ የኮኮናት ቅል ኩባያ። የማያውቃትን ሴት ንብረት ወርሶ ምንም አለማወቁ እንዳሳፈረው ነገራት። ከዚያ የወጥ ቤቱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ ብሎ ጠየቃት።

ሚምባ ቡና ቀዳችለትና ብዙ አሰበች። ከሁሉ በፊት የመጣላት የተመለሱ ዕለት ነው። ግሪዘል በዐሥራ ሰባት ዓመታቸው ከስኮትላንድ ሲመለሱ ጓንት አጥልቀው ነበር፤ በዚያ ሙቀት። ሚምባን ሲያዩ እጃቸውን ሊዘረጉ ብለው መልሰው ሰበሰቡት። በሦስተኛው ቀን ግን ኮኮናቱ ሥር አገኟትና፣ “እዚያ ሁሌ በረዶ ነው” አሏት፤ “ልጆቹ ቀለሜን እያዩ ይስቁብኝ ነበር። በሕይወት ያቆየኝ ዛፌ ነው፤ ቆሞ ይጠብቀኛል እያልኩ።” ሚምባ እሺ እሜቴ አለቻቸው። ሌላ ምን ትበል?

ቀጥሎ የመጣላት የጌታ ሄክተር ኑዛዜ የተነበበ ቀን ነው። ሚምባ ለሕግ ዐዋቂው የሎሚ ውኃ በትሪ ይዛ ቆማለች። ሰውየው ለግሪዘል የተተወውን ያነብባል፤ ቤቱና መሬቱ፣ ስድሳ ከብት፣ የመዳቡ ትልቅ ድስት፣ ዐሥራ አንድ ባሪያ። ስሞቹን ሲጠራ ሚምባ አራተኛ ነበረች። እህት እህቷን ወረሰች። ግሪዘል አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩዋት፤ ከዚያ የሎሚውን ውኃ ከትሪው አነሡ። ብርጭቆው ሲንቀጠቀጥ ሚምባ አይታለች። ያንን ብርጭቆ ሠላሳ ዓመት አልረሳችውም፤ አንዳንድ ቀን ታዝንላቸዋለች፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ መንቀጥቀጥ ብቻ ምን ያደርግልኛል ትላለች።

ከዚህ ሁሉ ለዱጋልድ የነገረችው ሌላ ነው። ነፃነት የወጣ ቀን ሰው ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲጎርፍ እሷ ከወጥ ቤት አልወጣችም ነበር። ሚስ ግሪዘል መጡና በሩ ላይ ቆሙ። “አንቺም ትሄጃለሽ?” አሏት። ወዴት አለቻቸው። ሚስ ግሪዘል ገቡ፤ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቡና አፈሉ፤ ቀድተው ሰጧት።

“እንዴት ነበር?” አለ ዱጋልድ።

“ቡናው? የእግር እጣቢ ነበር።” ሲኒውን ሞላችለትና፣ “ጨርሼ ጠጣሁት” አለች።

ዱጋልድ ቡናውን ጎንጨት አለ። ለዛፉ የሚነግር ዘመድ ጠፋ ሲባል መስማቱን ነገራት። አያቱ ቤት፣ በአገሩ፣ ባለቤቱ ሲሞት ለንቦቹ ይነገራል፤ ካልተነገራቸው ቀፎውን ጥለው ይሄዳሉ። ስለዚህ ነገሩ እንግዳ አልሆነበትም፤ ሌላ ሰው ከሌለ እኔ እነግረዋለሁ አለ። ሚምባ አመሰገነችው። ከእሷ ምን እንደወሰደ አላወቀም። ባለቤትህ ሞታለች ብሎ ለዛፉ ከነገረው፣ ዛፉ ለዘላለም የግሪዘል ሆኖ ቀረ፤ የሚምባም ቤት፣ የቤኔባም መቃብር ለጊልክራይስት ከብቶች።

በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የሟች መንፈስ ተመልሶ ክፍሉን እንዳያውቀው፣ አልጋው ተገለበጠ፣ የክፍሉ ዕቃ ቦታ ቦታውን ለወጠ። ፀሐይ ወደ ባሕሩ ስታዘነብል ሁላችንም ከወጥ ቤቱ ጀርባ ተሰበሰብን። ዶርካስ ምስጢሩን የነገረችን በዚያው ቀን ጠዋት ስለነበር፣ ከመሐላችን ያልሰማ አልነበረም። ማንም ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ይህ የሚምባ እንጂ የኛ አይደለም። ዱጋልድ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ወደ ዛፉ አንድ እርምጃ ሄደ።

“ይቆዩ ጌታዬ” አለች ሚምባ።

ማንቆርቆሪያዋን ለዶርካስ ሰጠቻት። እጇን በሽርጧ ጠረገች። ከወንበሩ በላይ ግንዱ ላይ መዳፏን አሳረፈችና እንደ ወትሮዋ ዝግ ባለ ድምፅ ተናገረችው።

“ስማኝ። እህቴ ሞታለች።”

ከኋላዬ አንዷ ሴት እህህ ስትል ሰማሁ። ሚምባ እጇን አላነሣችም።

“ባለቤትህ ግን አልሞተችም። እኔ ነኝ፤ ይኸው አለሁ።”

ዱጋልድ ባርኔጣውን እንደያዘ አንዴ እሷን አንዴ እኛን አየ። ኳኮ በምርኩዙ መሬቱን መታ አደረገና፣ ዕትብቷ ሲቀበር ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ ነኝ፤ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እስካሁን የጠየቀኝ ሰው የለም አለ። ዱጋልድ ቅን ልጅ ነው፤ ቅን ስለሆነም ማየት ፈለገ። ፊደላቱስ አለ ቀስ ብሎ። ዘጠነኛው ቀን ነውና ወንበሩ ቢነካ ነውር የለውም። ጎንበስ ብሎ ወደ ጎን ሳበው።

ፊደላት አልነበሩም። የነበሩበት ቦታ ላይ አንድ ክንድ የሚያህል፣ እንጨቱ አዲስና ነጣ ያለ ጎድጓዳ ቦታ አለ። ተፍቋል፤ በብዙ ቀን፣ በደካማ እጅ፣ ትንሽ በትንሽ የተፋቀ። ከጎድጓዳው መሐል አንዲት ቀጭን የብረት ስባሪ ተሰክታ ቀርታለች።

ሚምባ እጇን ኪሷ ከትታ ቢላዋዋን አወጣች። ጫፍ የሌላትን ቢላዋ ከስባሪው ጋር አስተያየች። ማንም እስኪያስረዳን አልጠበቅንም። እነዚያ ሁለት ወራት ጀርባቸውን ሰጡን ስንል፣ እኛን ፈርተው ቢላዋ ያዙ ስንል፣ ሚስ ግሪዘል ከሰዓት ሁልጊዜ ስማቸውን ሲፍቁ ነበር። አፈርን። ዶርካስ ማንቆርቆሪያውን እንዳቀፈች መሬት መሬት ታያለች።

“የራሷን ፋቀች” አለች ሚምባ። “የኔን ግን አልጻፈችም።” ድምፅዋ ውስጥ ንዴት ነበረ፤ እውነተኛ፣ የስድሳ ዓመት ንዴት። ከዚያ ፊቷ ተሰበረና ከሞቱ ቀን ጀምሮ ያላለቀሰችውን አለቀሰች። ዱጋልድ ወረቀቱን አውጥቶ አንድ መሥመር ሰረዘ። ለቅሶው እስኪበቃት ጠብቆ ቀረብ አላት።

“ስምዎን እንዴት ብዬ ልጻፈው?” አላት።

“ሚምባ” አለች። ቆይታ፣ “ሚምባ ማክአይቨር” አለች።

ኳኮ ረጅሙን ማጭድ አስመጥቶ አንድ አረንጓዴ ኮኮናት አወረደ፤ አናቱን በገጀራ ቀንጥሶ ሰጣት። ደንባችን የታወቀ ነው፤ ለዛፉ የነገረው ሰው ይቀምስና የቀረውን ሥሩ ላይ ያፈስሳል። ሚምባ ጠጣች። ጉንጯን እየቆጠረች እንደምትጠጣ ያስታወቃል። ግማሹ ላይ ስትደርስ አቆመች። ሥሩ ላይ ታፈስሰዋለች ብለን ጠበቅን። እሷ ግን ዱጋልድ የሳበውን ወንበር ጎትታ መልሳ ዛፉ ሥር አቆመችው። የቀረውን ግማሽ ከነቅሉ መቀመጫው ላይ አስቀመጠችው። ኮኮናት ድቡልቡል ስለሆነ ብቻውን አይቆምም፤ እንዳይደፋ በእጇ ደግፋው ፀሐይ እስክትጠልቅ አጠገቡ ቆመች።